ቢፈርስም ልየው

በርገን፣ ኖርዌይ
መስከረም 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰዲቅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንተ፣ ዙሀራና ልጆቹ እንደምን ከረማችሁ? አባባ አፊያ ናቸው? ጉልበታቸው በክረምቱ አላስቸገራቸውም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የዚህ አገር ዝናብ እንደ ቦረና ዝናብ ወራት ጠብቆ አይመጣም፤ ዝም ብሎ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል።

ስልኩ በሠራ ቁጥር ድምፃችሁን ብሰማም አባባ «በወረቀት ያልመጣ ወሬ ወሬ አይደለም» ስላሉ ይኸው ጻፍኩ። አዲስ አበባ ለሚገባ መንገደኛ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አንተ ታውቀዋለህ። እንደ ድሮው ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

የምሥራች አለኝ። ዶክትሬቴን ከጨረስኩ ወዲህ ያለ ሥራ እቀራለሁ ብዬ ስሰጋ ነበር። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተመራማሪነት ቦታ አገኘሁ። ለሁለት ዓመት ነው። ማስተማሩ ትንሽ፣ ማሰቡ ብዙ።

አባባ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጥቼ «ኮምፒውተር» ብዬ ነበር ያለፍኳቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኮምፒውተር የምጠግን መስሎታል። አሁን በወረቀት ልሞክር። አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ከመካነ ሰላም ተነስቶ ከላላን፣ ወረኢሉን፣ አቀስታን፣ ወግዲን፣ ሌሎችንም ገበያዎች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ አዳርሶ፣ በትንሽ ድካም መመለስ ይፈልጋል። የቱን አስቀድሞ የቱን ያስከትል? ገበያዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ቁጭ ብሎ ማሰላሰል ይቻላል። እየበዙ ሲሄዱ ግን የአካሄዱ ዓይነት ከልክ በላይ ይባዛል፤ የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ በአንድ ሞክሮ አይጨርሰውም። እንግዲህ ጥያቄው፦ ሁሉንም ሳይሞክሩ መልሱን የሚያገኙበት ብልሃት አለ ወይስ የለም? አለ የሚል ሰው ብልሃቱን አምጥቶ ያሳያል። የለም የሚል ግን ገና ማንም ያላሰበው ብልሃት ጭምር እንደማይሳካ ማረጋገጥ አለበት። ትልቁን ጥያቄ እስካሁን የፈታው የለም። እኔ የያዝኩት አንድ ጥጉን ነው። የለም ከሚሉት ወገን ነኝ።

ለዚህ ዕድሜ ይፈጃል ወይ ካሉህ፣ ይፈጃል በልልኝ። ዱዓቸው አይለየኝ።

እህትህ ሰብሪያ ጠሃ


መካነ ሰላም
ኅዳር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ፣

ሰላምታዬ ከቦረና ደጋ ተነስቶ ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። አሏህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ፤ ያሰብሽውን ይሙላልሽ። እኛ አፊያ ነን። ዙሀራ «አገሩ ብርድ ነው ይባላል፣ ወፍራም ትልበስ» ትልሻለች።

ደብዳቤሽ የመጣ ዕለት ዐስር ተሰግዶ እንዳበቃ ለአባባ አነበብኩላቸው። ከሳቸው ቁርአን የሚማሩ ደረሶችም ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር። ነጋዴው ጋ ስደርስ በሳቅ አቋረጡኝ።

«ይቺ ልጅ ነጋዴ አታውቅም እንዴ? ነጋዴ መቼ አጭሩን መንገድ ይሄዳል! የሚሄደው ዘመድ ባለበት ነው። ማደሪያ ከሌለው አጭሩ ምን ይሠራለታል?»

ደረሶቹም ሳቁ። ቆይተው ግን ጺማቸውን እያሻሹ «የለም ብሎ ማረጋገጥ ከባድ ነው» አሉ። «ጠፋብኝ የሚል ሰው አንድ ቦታ ሲያገኘው ፍለጋው ያበቃል። የለም የሚል ግን የት ላይ ያቆማል?»

ከዚያ የልጅነትሽን ነገር አነሱ። ፈራኢድ ሲያስተምሩ፣ የሟችን ንብረት ለወራሾቹ በየድርሻቸው ማካፈሉን፣ እኔና አንቺ ከኋላ ተቀምጠን እንሰማ የነበረውን። ስምንተኛ ለሚስት፣ ስድስተኛ ለእናት፣ ስድስተኛ ለአባት፣ ሁለት ሦስተኛ ለሴት ልጆች ብለው ሳይጨርሱ «አባባ፣ ይሄ ሲደመር እኮ ከንብረቱ ይበልጣል!» ብለሽ ጮህሽ። ትልልቆቹ ደረሶች ተቆጡሽ። አባባ ግን «ተዉአት፣ የዚህ መፍትሔ የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ቀድማን ደረሰች» አሉ። እኔም የአጎታቸው ልጅ ልጅ ሆኜ በእጃቸው ያደግሁት ሰዲቅ፣ ያን ዕለት ነው ሒሳብ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት። ይኸው እስከ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አስተምረዋለሁ።

የማስተምረው ግን እያነሰ ነው። ከዐምናው ሽብር ወዲህ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ሴቶቹ ወደ ዐረብ አገር መንገድ ጀምረዋል። ወንዶቹ የት እንደገቡ አይጠየቅም።

ከታች ያለችው የዐረብኛ መስመር የአባባ ናት። «በእጄ ልጻፍላት» ብለው ዱዓ አድርገውልሻል።

ወንድምሽ ሰዲቅ


በርገን
ሚያዝያ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአባባና ለወንድሜ ለሰዲቅ፣

የአሏህ ሰላም በቤታችሁ ላይ ይሁን። ሰላምታውን ስላሳጠርኩ ይቅር በሉኝ፤ ወሬው አስቸኩሎኝ ነው።

ማረጋገጫውን አገኘሁት። ያገኘሁት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ያሳየሁት እዚህ የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ለሆኑት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው። ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁመውኝ ሳምንቱን ሙሉ አስረዳኋቸው። እሳቸው የሚታወቁት በመልካም አንደበት አይደለም፤ ስንቱን ተማሪ አስለቅሰዋል። የመጨረሻው ዕለት ጠመኔዬን ሳስቀምጥ ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። «ቀዳዳ አልታየኝም» አሉ። ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው ሰላም ሳይሉኝ ወጡ። ከእሳቸው አፍ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው አሉኝ ባልደረቦቼ።

ጽሑፉን የሙያው ሰዎች ሁሉ እንዲያዩት በኢንተርኔት አውጥቼዋለሁ። አባባ በወረቀት እንደሚፈልጉት ስለማውቅ አትሜ ልኬላችኋለሁ። ምልክቱ ቢበዛ አይድነቃችሁ፤ ነገሩ ያው ነጋዴውና ገበያዎቹ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ቋሚ ሥራ ይገኛል ይሉኛል። ቋሚ ሥራ ካገኘሁ በየዓመቱ አገር ቤት መምጣት እችላለሁ። በመስከረም ልመጣ አስቤያለሁ። አባባ፣ ጎንዎ ቁጭ ብዬ ራሴ አስረዳዎታለሁ።

ደስ ብሎኛል፤ ግን ፈርቻለሁ። ስትቀመጡም ስትነሱም ዱዓ አድርጉልኝ።

ሰብሪያ


መካነ ሰላም
ነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ፣

ማሻ አላህ! ማሻ አላህ! አሏህ ከዚህም በላይ ከፍ ያድርግሽ፤ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ጁምዓ ዕለት ኢማሙ ከሶላት በኋላ አነሱት። ርእሰ መምህራችን በፍቃዱ የድሮ ፎቶሽን አሳድጎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰቀለው፤ ያችኑ በሁለተኛ ክፍል የተነሳሻትን፣ ጥርስሽ ወልቆ የሳቅሽባትን። ጎረቤታችን አቶ ንጉሡ «የኔም ልጅ ናት፣ በልጅነቷ የኔን ጎመን ስትነቅል አላደገችም?» ብሎ በግ አረደ። አባባ የላክሽውን ወረቀት ተቀብለው ሳሙትና ኪታቦቻቸው ካሉበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

የመምጣትሽን ነገር ግን ትንሽ እናቆየው። መንገዱ አያስተማምንም። ከአቀስታ በኩል መኪና አንድ ቀን ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስልኩም ከዛሬ ነገ ይዘጋል እየተባለ ነው። ተኩስ የምንሰማበት ቀን አለ። ክረምቱ ይለፍና ሁኔታውን አይተን እንነግርሻለን። አደራ፣ እኔ ነይ ሳልልሽ አትነሺ።

አባባ ትንሽ ደክሟቸዋል፤ ሌላ ነገር የለም። የዱዓዋን መስመር በእጃቸው ያልጨመሩልሽ መነጽራቸው ስለተሰበረ ነው።

አብሽሪ። ሁሉም ያልፋል።

ሰዲቅ


በርገን
ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰዲቅ፣ ለብቻው፣

እንደምን አላችሁ? ስልክ ከተዘጋ ወዲህ ድምፃችሁን ከሰማሁ ወራት አለፉ። በየቀኑ እደውላለሁ። አንዲት ሴት በትሕትና «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች። ድምጿን ለምጄዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አታንብበው።

ማረጋገጫዬ ስህተት ነው። በኅዳር ወር ከብራዚል አንዲት የማላውቃት ሴት አጭር መልእክት ላከችልኝ። ጽሑፉን በጣም እንደወደደችው ጽፋ፣ መጨረሻ ላይ «ይቺ እርምጃ ለምን እንደምትሆን ቢያስረዱኝ» አለች። ገጹን ሳልከፍት ነው የቱ እንደሆነ የገባኝ። በላክሁላችሁ ወረቀት ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሁለት ነገሮች አብረው ይሆናሉ ብዬ ያለፍኩበት ቦታ አለ። አንደኛው ለብቻው ይሆናል። ሁለተኛውም ለብቻው ይሆናል። አብረው ግን አይሆኑም። የቀረው ሥራ በሙሉ የቆመው በዚያ ላይ ነበር።

ወዲያው ሥራውን ከኢንተርኔቱ አነሳሁት። ስህተት አለበት ብዬ በስሜ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳውን ልደፍን ያልሞከርኩት የለም። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ መስጠት ጀምረዋል፤ ድሮ አይሰጡም ነበር። ከዚያ ነው ነገሩ እንዳበቃ ያወቅሁት።

የሥራ ውሌ በክረምቱ ያልቃል። ያመለከትኩባቸው ቦታዎች በየተራ «እናዝናለን» ብለው መለሱ። ሥራ ከሌለኝ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ያልቃል።

ለአባባ አትንገራቸው። መስጊድ ውስጥ ስሜ ከተጠራ በኋላ ይኼን ቢሰሙ እንዴት እንደሚሆኑ ማሰብ አልችልም።

የመነጽሩን ነገር ደግሞ አላመንኩህም። እውነቱን ጻፍልኝ።

ሰብሪያ


መካነ ሰላም
ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ፣

አሏህ ልብሽን ያጽናው። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

በጥር የጻፍሽው ገና ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ያመጣው ከወረኢሉ በበቅሎ የሚመላለስ ጨው ነጋዴ ነው። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። መነጽር አልተሰበረም። ዐምና በሐምሌ መጨረሻ አባባ ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪሙ የደም ግፊት ያመጣው ነው አለ። መድኃኒቱ ሲገኝ ይውጣሉ፤ መንገድ ሲዘጋ ሳይውጡ ይሰነብታሉ። አንደበታቸው ይዘገያል እንጂ ደህና ነው። እንዳልጽፍልሽ የከለከሉኝ ራሳቸው ናቸው። «ሥራዋን አቋርጣ መጥታ ምን ታደርግልኛለች?» ብለው። አሁን ደግሞ አንቺ አትንገራቸው አልሽኝ። የማንን ቃል ልጠብቅ?

ነጋዴው ደብዳቤውን ሲሰጠኝ አልጋቸው ላይ ሆነው አይተዋል። «የሰብሪያ ነው? አንብበው» አሉኝ። በዓይኔ አነበብኩት። ከዚያ ጮክ ብዬ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ። ሥራሽ እንደተወደደ፣ ሽልማት ሊሰጡሽ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያከብርሽ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ሰዲቅ» አሉ።

«አቤት አባባ።»

«ሰብሪያ ስትደሰት እንዲህ አትናገርም። ስትደሰት ትፈራለች። በል አሁን የተጻፈውን አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። ሁሉንም።

«ሴትዮዋ ስህተቱን ስታሳያት ተከራከረች?»

«የለም። ወዲያው አምና ሥራውን በስሟ አነሳችው።»

«እንዲያ ነው ያሳደግኋት» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ አትመሽ የላክሽውን ወረቀት ከመደርደሪያው እንዳወርደው አዘዙኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንዳስረዳቸው።

«አባባ፣ እሱ እኮ ፈርሷል» አልኳቸው።

«ልጄ ዓመታቷን የኖረችበት ቤት ነው» አሉኝ። «ቢፈርስም ልየው።»

ይኸው ከዐስር በኋላ ትንሽ ትንሽ እናነባለን። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ሌላ ሥራም የለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለኔም አብዛኛው አይገባኝም። የገባኝን እነግራቸዋለሁ፤ ያልገባኝን አልገባኝም እላቸዋለሁ። አንዳንዴ እጃቸውን ያነሳሉ፤ «እዚህ ጋ ምን አለች? ድገመው» ይላሉ። እደግመዋለሁ። ስህተቱ ያለበት ገጽ ላይ ገና አልደረስንም።

ናፍቃኛለች አላሉም። ትናንት ግን «ፈቃዷ ካለቀ ትመጣለች ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?

ሰዲቅ


ደሴ
ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባና ለወንድሜ ለሰዲቅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አባባ፣ ሰዲቅ ይህን ሲያነብልዎ ደሴ ነኝ። እዚሁ፣ ከተራራው ወዲህ።

የሰዲቅ ደብዳቤ በደረሰኝ ሰሞን ዕቃዬን ማሰር ጀመርኩ። ባልደረቦቼ «ፈቃድሽ ሳይታደስ ከወጣሽ መመለስ አትችይም» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው።

ደሴ ስገባ ወደ እናንተ የሚሄድ መኪና ጠፋ። ቧንቧ ውኃ ሰፈር እትዬ ይርገዱ ከምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ዕለት ዕለት ስጠይቅ ቆይቼ፣ ወረኢሉ ድረስ አውቶብስ ተገኘ ሲባል ተሳፈርኩ። ከዚያ በበቅሎ ወደ ከላላ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር ተቀላቀልኩ። ከከላላ ወዲያ በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ ብዬ ነበር።

ከወረኢሉ ብዙም ሳንርቅ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። ነጋዴዎቹን ያውቋቸዋል፤ አለፉ። የኔን ቦርሳ ፈተሹ። ላፕቶፑን ወደ ጎን አደረጉና፣ ለአባባ ላስረዳ የያዝኳቸውን ወረቀቶቼን አወጡ። አለቃቸው እያገላበጠ አያቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ ነው።»

«ቁጥር የለበትም እኮ። ሒሳብ ቁጥር የለውም?»

«አብዛኛው የለውም።»

«የምን ኮድ ነው? ለማን ነው የምትወስጂው?»

«ለአባቴ» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ግን ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ስለ ገበያዎቹ፣ ስለ ነጋዴው ላስረዳው ሞከርኩ። መንገድ ያልኩት ነገር ይበልጥ አስጠረጠረኝ። «የትኛው መንገድ? ማን ነው የሚሄድበት?» ይለኛል። በመጨረሻ ወረቀቶቹን አጣጥፎ ያዘ። «እስኪገባን ድረስ እዚህ ይቆያል። አንቺ ተመለሺ» አለኝ። ላፕቶፑም ቀረ።

እትዬ ይርገዱ ገና ከበሩ ስታየኝ እግሬን የምታጠብበት ውኃ አቀረበችልኝ።

አባባ፣ መንገዱ እንደተከፈተ እመጣለሁ። ይጠብቁኝ። በርገን ሆኜ የላክሁላችሁ ደብዳቤ ከዚህ ከምልከው ይልቅ ቶሎ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። እዚህ ሆኜ ሩቅ ነኝ።

ልጅዎ ሰብሪያ


መካነ ሰላም
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ይህን ብቻሽን ሆነሽ እንዳታነቢው እትዬ ይርገዱን በሌላ ወረቀት ለምኛታለሁ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ግን ሌላ ምን መንገድ አለኝ?

አባባ ወደ አኼራ ሄዱ። ማክሰኞ ዕለት፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ። አልተሰቃዩም። የመጨረሻዋ ደብዳቤሽ ደርሳቸው ነበር፤ ደሴ መሆንሽን ሰምተዋል። «ደሴ ገባች? ከተራራው ወዲህ ናት?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። አዎ ስላቸው ደስ ይላቸውና፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጠይቁኛል። ፍራሻቸው ወደ በሩ እንዲዞር አደረጉ። ሰው ኮቴ ባሰማ ቁጥር ቀና ይላሉ። ዙሀራ ይህን ማየት አልችል ብላ ጓሮ ሄዳ ስታለቅስ አገኘኋት።

ንባባችንን እስከ መጨረሻው አላቋረጥንም። እኔ ስህተቱ ያለበት ገጽ እንዳይደርስ ብዬ እያዘገየሁ፣ አንዱን አንቀጽ እየደጋገምኩ አነብ ነበር። ማወቃቸውን አላውቅም። አንድ ጊዜ «ትናንትም ይሄን አንብበኸዋል» አሉኝ። «ከባድ ስለሆነ ነው አባባ» አልኳቸው። «እንግዲያው ድገመው፤ ምን ያስቸኩለናል» አሉ። እዚያ ገጽ ሳንደርስ ሄዱ።

ጀናዛውን የተሸከምነው ጥቂት ሆነን ነው። ሰው መሰብሰብ ይፈራል። አቶ ንጉሡ አስከሬኑን እስከ መቃብር አጅቦ፣ ከኋላ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ አለቀሰ። እንደ አባባ ያለ ሰው በደህና ዘመን ቢሞት ከከላላም ከወግዲም ሰው ይተም ነበር።

እኛም ቤቱን ዘግተን ልንወጣ ነው። ወደ ዙሀራ ዘመዶች፣ ወደ ከላላ ገጠር። ደረሶቹ ተበትነዋል። ትምህርት ቤቱ ይከፈታል የሚል ወሬ ራሱ ቆሟል። ያስተማርኳቸውን ልጆች አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉኛል። ምን እንደያዙ አይቼ እኔም አንገቴን እደፋለሁ። በገጠሩ መሬት ይሰጡኛል፤ እርሻ አልችልበትም፤ እማራለሁ።

ከእንግዲህ በየት በኩል እንደምትጽፊልኝ አላውቅም። አሏህ ያጽናሽ። አብሽሪ ልልሽ ፈልጌ ብዕሬ እምቢ አለኝ።

ወንድምሽ ሰዲቅ


ደሴ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰዲቅ፣ ካለህበት፣

ሰላም ለአንተ፣ ለዙሀራና ለልጆቹ። ለከላላ መንገደኛ እሰጠዋለሁ፤ እሱም ለሌላ ይሰጠዋል። ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም።

መርዶውን እንዳዘዝከው አድርሰውልኛል። እትዬ ይርገዱ ጠዋት ጎረቤቶቿን አስከትላ ገባች። ክፍሉ በሰው ሲሞላ፣ ገና ሳትናገር ገባኝ። ከመሃላቸው አባባን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔንም በቅጡ አያውቁኝም። እንደ ዘመድ አለቀሱ። ራሷ የማርያም ማኅበር ጠጪ ሆና፣ መስጊድ ሄዳ ሰው ለምና ሰላተል ጋኢብ፣ በሩቅ ለሞተ የሚሰገደውን ሶላት፣ አሰገደችልኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እስኪ ስለሳቸው አውሪን፤ ለማናውቀው ሰው እንዴት አድርገን እናልቅስ?» አለችኝ። አወራኋቸው። እስኪደክመኝ አወራሁ።

እዚያ ገጽ ሳትደርሱ መቅረታችሁን ደጋግሜ አነበብኩት። አንዳንዴ ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «አባባ፣ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው» ብዬ ራሴ ባሳየኋቸው እላለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ላጫውትህ። ካንተ በቀር ይኼ የሚገባው ሰው የለኝም። ከለቅሶው በኋላ ኢንተርኔት ያለበት ቤት ገብቼ መልእክቶቼን ከፈትኩ። አንድ ወጣት ተመራማሪ አጭር ጽሑፍ አውጥቷል። ያረጋገጠው ምን መሰለህ? እኔ በሄድኩበት መንገድ የሚሄድ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ከዚያ ጥያቄ መልስ ላይ አይደርስም። ያ ሁሉ ወራት ልደፍነው የለፋሁበት ቀዳዳ የሚደፈን አልነበረም። የኔ ጉልበት አንሶ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ የትም አይሄድም። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜ አለ። «ሰብሪያ ጠሃ የሞከረችው ዘዴ» ይላል። ከእንግዲህ በሙያው ውስጥ ስሜ የሚነሳው በዚህ ነው፤ በዚህ በኩል አትሂዱ ለማለት።

ጽሑፉን መስመር በመስመር መረመርኩት። ስህተት ፈለግሁበት፤ ሰዲቄ፣ እንዴት አድርጌ እንደፈለግሁበት! የለበትም። የሚያምር ሥራ ነው። ለልጁ ትክክል ነው ብዬ ጻፍኩለት። በጣም አመሰገነኝ። «አሁን በምን ላይ እየሠሩ ነው?» ብሎም ጠየቀኝ።

ሥራ አግኝቻለሁ። አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ከሰዓት ከሰዓት አስተምራለሁ፤ ፋይል እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚዘጋ። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱን ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አሳያቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ጨዋ ናቸው። የሚፈልጉት ወረቀቱን ብቻ ነው፤ አልፈርድባቸውም። አዲስ አበባ ላሉ አንድ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች እንዳመለክት የሚነግረኝ ሰው አለ። ማመልከቻውን ከፍቼ «የምርምር ዕቅድ» የሚለው ጋ ስደርስ እዘጋዋለሁ።

ትናንት መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ረዳቶቹ «ኮምቦልቻ! ሐይቅ! ወልድያ!» እያሉ ይጣራሉ። የኛን አገር የሚጠራ የለም። አንዱን ቀርቤ «መካነ ሰላም የሚሄድ መኪና የለም?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ።

«መካነ ሰላም ማን አለሽ?» አለኝ።

ማን እንዳለኝ አሰብኩ።

«ማንም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?»

ዓይኔን ወደ መኪኖቹ መለስኩ። ሰው ሲጠራ የነበረበትን ድምፁን ዝቅ አደረገው። «በይ እህቴ» አለኝ፣ «ፀሐዩም በርትቷል፤ ወደ ቤትሽ ግቢ።»

እሺ አልኩት፤ እሺ ብዬም እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አሏህ ካለህበት ይጠብቅህ።

ሰብሪያ